ቆማ የተመረመረች መኪና

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሰቀሉትን የምስክር ወረቀቶች ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔንም ከዚህ በታች እንደምገልጸው በሐኪም አረጋግጫለሁ።

ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ ኩላሊቷ ስለደከመ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከዳገቱ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ለእጥበት በአሮጌዋ መኪናችን አደርሳታለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ዳገቱ ላይ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እግሬን ሳነሣ ይተዋል። እህቴ መርፌ የሚገባበትን ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ፣ «አንተ፣ ዛሬ እንኳ ቀስ በል» ትለኛለች። ቀስ ስል ደግሞ ተራዋ ያልፋል። ዓመታዊ ምርመራውም ስለደረሰ፣ ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቃል ብዬ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። ለዚህ የዋህነቴ ማንንም አልወቅስም።

የተደረገልኝን ሁሉ በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ላመስግን።

1. መርማሪዎ መኪናዋን አዳራሽ ውስጥ አስቁሞ፣ ሞተሯን አስጠፍቶ፣ መሪውን በሁለት ጣቱ ነካ ነካ ካደረገ በኋላ «አይንቀጠቀጥም» ብሎ ስለጻፈልኝ አመሰግናለሁ። የጻፈው እውነት ነው። «ስትሄድ ነው እኮ፣ ነዳጅ ስሰጣት» ብዬ ብነግረው፣ «እኛ የምንመረምረው እዚህ የቆመውን ነው፤ መንገዱ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው» ሲል በትዕግሥት አስረዳኝ።

2. አሁንም ስጨቀጭቀው ሽበቴን አየት አድርጎ፣ «አባባ፣ የሚንቀጠቀጠው እጅዎ ይሆናል» አለኝ። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በወረንጦ ይዤ የምውል ሰው ብሆንም፣ ባለሙያ ካለ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሟ ሁለቱን እጆቼን አስዘርግታ በላያቸው ወረቀት አስቀመጠች፤ ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። ማን እንደላከኝ ስትጠይቀኝ የእናንተን መሥሪያ ቤት ነገርኳት። ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ከዚያም እጆቼ ደህና መሆናቸውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ስለ እጆቼ የዕድሜ ልክ እርግጠኝነት ስላስገኛችሁልኝ ባለውለታዎቼ ናችሁ።

3. በዚህ መሐል፣ ማዕረግም አዳራሽም የሌለው፣ የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» የሚለው መካኒክ ሥራችሁን ስለተሻማ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ሰው በመኪና ውስጥ፣ መኪናዋ እየሄደች፣ ከጎኔ ተቀመጠ። ዳገቱን ስንጀምር «ነዳጁን ሲለቁ ይተዋል?» አለኝ። ይተዋል አልኩ። «ፍሬን ሲይዙስ?» በፍሬን ምንም የለም አልኩት። «እንግዲያው ጎማ አይደለም። የጎማ ሚዛን ቢሆን፣ ፍጥነት ላይ ከደረሱ ነዳጅ ሰጡ አልሰጡ ያንቀጠቅጥዎት ነበር። ሞተሩ ሲጎትት ብቻ ከሆነ ጎታቹን ነው የምናየው» አለ። ከሥሯ ገብቶ፣ ከካምቢዮ ወደ ቀኙ የፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ ይዞ ቢነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። በካምቢዮው በኩል ያለው መጋጠሚያ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግራሱ ፈስሶ አልቋል፣ ብረቱ ተበልቷል። ዘንጉን ከነመጋጠሚያው ለወጠው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። በሚቀጥለው የእጥበት ቀን ዳገቱን ጨርሰን ዞር ብዬ ባያት እህቴ እንቅልፍ ወስዷታል።

4. ደግ ዜጋ ነኝና ጥገናውን ላስመዘግብ ወደ እናንተ ተመለስኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይሌን አገላብጣ፣ «እዚህ እንከን የለባትም ነው የሚለው። ታዲያ ምኑን ነው ያስጠገኑት?» አለችኝ። የተበላውን ብረት ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ባስቀምጥ ወረቀቶቿን በግራስ እንዳላበላሽ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያም እንከን በሌላት መኪና ላይ ያለ ፈቃድ የአካል ለውጥ አድርጌያለሁ ተብሎ፣ ከመስታወቷ ላይ የምርመራ ምልክቱ ተላጠ። ስትንቀጠቀጥ ያጸደቃችኋት መኪና መንቀጥቀጥ ስትተው ታገደች።

5. ማክሰኞ ዕለት እህቴ በአውቶቡስ ሄደች፤ ቦታ አልነበረም፣ ቆማ። ስትመለስ የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ አለችና፣ «እስቲ ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ እገባለሁ» አለችኝ። ያቺ ትንሽ አንድ ሰዓት ሆነች። እዚህ ላይ የምስጋና ቃል ብፈልግ አጣሁ።

ስለዚህ ከሐሙስ ጀምሮ ያለ ምልክቱ እየነዳሁ መሆኔን ራሴው አሳውቅዎታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። የሐኪሟን ወረቀት፣ የእናንተን ወረቀትና የመካኒኩን ወረቀት አከታትዬ ሰጠሁት። ሁሉንም አነበበ፤ ከዚያ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ የእህቴን ክንድ አየና፣ «ይሂዱ፣ እንዳይረፍድባቸው» አለኝ። እርሱ እንኳ ለማየት ጎንበስ ብሏል። እርስዎም ቢፈቅዱ፣ ምልክቴን ይዘው አንድ ጠዋት ከእኛ ጋር ዳገቱን እንዲወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ የኋላው ወንበር ባዶ ነው።

በጣቢያዎ ደጃፍ ለመሰለፍ፣ ለመጠበቅና ነገ ተመለስ ለመባል ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነው፣
ታዛዥዎ ሰዓት ጠጋኙ

ግልባጭ፦ የተመረመረ መኪና ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ወደ መካኒኩ ጎራ ብል የመሥሪያ ቤትዎን መኪና ከግቢው ቆማ አገኘኋት። መካኒኩ ሾፌርዎን «የራሳችሁ ጣቢያ እያለ?» ቢለው፣ «አለቃዬ ናቸው ወደ አንተ የላኩኝ፤ የኛዎቹ እንዳይነኳት ብለውኛል» አለው። ክቡርነትዎ ስለ ጣቢያዎ ያለዎት አስተያየት ከእኔ ጋር አንድ መሆኑ አጽናንቶኛል።