የኒልስ መርዶ

ማርች 3፣ ሰኞ

እኔ ፍቅረሰላም አስፋው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ኃጢአተኛ፣ በሁዳዴ ጾም፣ በኦስሎ፣ ሃውገሩድ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሁለት ቫፈል (የወተትና የእንቁላል ቂጣ) ከነቅቤው ከነቡናማ አይቡ መብላቴን በተሰበረ ልብ እናዘዛለሁ። ሁለተኛው ላይ ማርማላታም ነበረበት። ማርማላታው የጾም ነው። እሱ ይያዝልኝ።

እማዬ ግን የጽድቅ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። ሰኞ ሰኞ ቶርዲስ ጋ ወጥቼ ቆሻሻዋን እጥላለሁ፣ ወተት እገዛላታለሁ። ቶርዲስ ከላያችን ያለችው ጎረቤታችን ናት። ሰማንያ አራት ዓመቷ። ጆሮዋ አይሰማም… ሲያሻት ይሰማል። ከፋሲካ በኋላ ሲከየም ትገባለች፣ የአረጋውያን ቤት። እማዬ ይህን የሰማች ቀን አለቀሰች። ቶርዲስ አላለቀሰችም። ካርቶን ነው የጠየቀችኝ።

(በአማርኛ የምጽፈው በወንድሜ በአሮን ምክንያት ነው። ደብተሬን ይበረብራል። የቅዳሜውን የፊደል ትምህርት ገና ከ"ለ" ሳይደርስ ስላቋረጠ ይህ ሁሉ ለሱ የግድግዳ ወረቀት ነው።)

ዛሬ ዕቃ ስናሽግ አንድ የእንጨት ሳህን ወጣ። ዳሩ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለበት።

"ይሄስ? ይጣል?"

"የኒልስ ነው።"

ኒልስ ማነው? የቅድመ አያቷ ወንድም። መርከበኛ። ወጣ፣ አልተመለሰም። አውስትራሊያ ገባ ተባለ፣ በቃ። እናቱ በየገናው ይህን ሳህን ማዕድ ላይ ታስቀምጥለት ነበር። እሷ ስትሞት ልጆቿ… ከዚያ የልጆቿ ልጆች… አሁን ቶርዲስ። እስከዛሬ ማንም አልበላበትም።

"ሀብታም ሆነ፣ በጎቹ በዙ፣ እናቱን ረሳ ይባላል። አባቴ ይጠላው ነበር። ሳህኑን ግን ያስቀምጥለት ነበር።" ሳህኑን በቀሚሷ ጠረገችው። "ሲከየም ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ነው። ይሄን ምን ላድርገው?"

"ቶርዲስ፣ ሰውዬው እኮ ከሞተ ቆይቷል።"

"ያ፣ ያ። አውቃለሁ። ግን መጥቶ የነገረን የለም።"

ማርች 6፣ ሐሙስ

ኒልስ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ እንኳ። ከትምህርት መልስ፣ ቀኔ ሳይሆን ቶርዲስ ጋ ወጣሁ።

ቶርዲስ ለዓመታት ፈልጋዋለች። ወፍራም ፋይል አላት፤ ከአውስትራሊያ የመጡ ደብዳቤዎች፣ ሁሉም በትሕትና "የለም" የሚሉ። ኒልስ ብሮተን የሚባል ባለርስት የለም። ባለ በግ የለም።

"ብሮተን የማን ስም ነው?"

"የእርሻችን።"

አባዬ ሐኪም ቤት "ሐብታሙ!" ተብሎ ሲጠራ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሐብታሙ አያቴ ነው፣ ወረፋውን ጎንደር ጨርሷል። ስለዚህ የስም ነገር እኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

"አባቱስ ማን ይባላል?"

"አንደሽ።"

"ታዲያ ኒልስ አንደርሰን ነዋ፣ የአንደሽ ልጅ! ሰውዬውን በእርሻ ስም ነው ስትፈልጊ የኖርሽው?"

"በዚያን ጊዜ ሁሉም በአባቱ ነበር የሚጠራው፣ አውቃለሁ። ግን ሀብታም ሆኗል ብለን ስለወሰንን… ሀብታም ደግሞ የእርሻውን ስም ይይዛል ብለን…"

የሽማግሌ ጥናት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ጥያቄው።

ማርች 10፣ ሰኞ

አገኘሁት።

ባለርስቶቹ ውስጥ የለም። ለተንኮል ያህል እስረኞቹ ውስጥ ፈለግኩ። እንግሊዞች በመርከብ ጭነው ያጋዟቸው ሰዎች መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ከፍቶ ያነባል። ጠቅ… ጠቅ… ኒልስ አንደርሰን። መርከበኛ። የትውልድ ቦታ ድራመን፣ የነቶርዲስ አገር። ዕድሜ 22። በ1845 ሊቨርፑል ውስጥ አንድ ካፖርትና አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ሰርቆ ሰባት ዓመት ግዞት፣ የአውስትራሊያዋ ታስማኒያ ደሴት።

ለካፖርት ሰባት ዓመት! አሮን ታዲያ የኔን ጃኬት ለብሶ ስንቴ ወጥቷል? ዕድሜ ልክ ይገባዋል።

ቁመቱን ለክተው፣ ቅንድቡን አይተው፣ አገጩን ሳይቀር ጽፈዋል። ቢጠፋ እንዲይዙት ነው መሰለኝ። ፎቶ የለም፣ ግን ይታየኛል። ሰማያዊ ዓይን። ግራ ክንዱ ላይ ንቅሳት፦ መልሕቅ፣ ከሥሩ ኬ እና ኤል። ቀጥሎ ደቀቅ ባለ ጽሑፍ፦ "እናት ካሪ፣ ድራመን።"

ካሪ ላሽዳተር። ሳህኑን ስታስቀምጥ የኖረችው እናቱ። ቶርዲስ ቫፈል በጋገረች ቁጥር ስሟን ታነሳለች።

ረሳት የተባለው ሰውዬ እናቱን ክንዱ ላይ ይዟት ነው የሄደው።

ሌላም አለ። አለቃውን በማፌዝ፣ ጨለማ ክፍል። እንደገና አለቃውን በማፌዝ፣ ጨለማ ክፍል። (ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።) ከዚያ ነጻ ወጣ፣ እንጨት መሰንጠቅ ጀመረ። በ1861 ሆባርት ሆስፒታል ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። በግ የሚል ቃል የትም የለም።

እየሮጥኩ ልነግራት ወጣሁ… ደረጃው ላይ ቆምኩ። ምን ልበላት? "ይሄን ሁሉ ዘመን ሳህን ያስቀመጣችሁለት ሰውዬ ሌባ ነው" ልበል? ሀብታም ዘመድ ቀምቼ እስረኛ ልስጣት? እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ነው ሲከየም የምትገባው?

ቆሻሻውን ጣልኩ። ቫፈል አንድ ብቻ በላሁ። "አመመሽ?" አለችኝ።

ማርች 12፣ ረቡዕ

አባዬን በዘዴ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ የአንድ ሰው ዘመድ ሌባ ቢሆን፣ ለሰውየው ይነገረዋል?"

"የማን ዘመድ? የእናትሽ?"

ከወጥ ቤት የማንኪያ ድምፅ ተሰማ። ምርመራው በዚህ ተቋረጠ።

ማርች 13፣ ሐሙስ

እማዬ ምስር እያማሰለች ነበር። ልቤ ስለከበደኝ አመለጠኝ።

"እማዬ… የቶርዲስ ዘመድ፣ ኒልስ የሚባለው፣ አውስትራሊያ ሞቷል። እስካሁን አታውቅም። እንዴት እንደምነግራት ግራ ገባኝ።"

ማማሰሏን አቆመች።

"ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"እግዚኦ! ገና ልጅ! ምን ሆኖ?"

"ሳንባ።"

"ወይኔ ቶርዲስ… በዚህ ዕድሜዋ!" ወደኔ ዞረች። "አፍሽን ዝጊ። አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ይሄ የልጅ ሥራ አይደለም።"

መቼ እንደሞተ አልጠየቀችም። ማን ይጠይቃል? ሰው የሚሞተው ሁልጊዜ ትናንት ነው።

ማርች 14፣ ዓርብ

ጋሽ መኩሪያ ደወሉልኝ። ለኔ! በስልኬ!

ጋሽ መኩሪያ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። የኦስሎ መርዶ ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። በጠዋት ከደወሉ ሰው ስልኩን እያየ ያማትባል። ሕግ አላቸው፦ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሥራ መሄጃ ሰዓት ላይ አይነገርም። ማለዳ፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ብዙ ሆኖ፣ ምግብ ተይዞ።

"ደም ግፊት አለባት?"

"ማን?"

"ስሟን አትጥሪ! ልብ ድካምስ?"

ያኔ ገባኝ። እማዬ ነግራቸዋለች።

"ጋሽ መኩሪያ፣ ሰውዬው እኮ የሞተው…"

"አሟሟቱን ልጅ አያወራም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ደረጃው ሥር። እናትሽ ሥራ ገቢ ናት፣ አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።" ዘጉት።

መልሼ መደወል እችል ነበር። አንድ ዓመተ ምሕረት መናገር ነው፣ አለቀ። አልደወልኩም። ለምን? ግማሹ፦ ይህን ትርኢት ሳላየው መሞት አልፈልግም። ሌላው ግማሽ… ብቻዬን መንገር ፈርቼ ነው።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

ጋሽ መኩሪያ በጥቁር ካፖርት። እትዬ አሰለፈች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ በድስት ታቅፋ። እትዬ አሰለፈች የማታውቀውን ሰው ለማልቀስ ከትቬይታ በጠዋት ባቡር ትመጣለች። ሙያዋ ጽዳት ነው፣ ተሰጥኦዋ ግን ይሄ ነው።

"ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖረው፣ ለምን ራስዎ በኖርስክ፣ በራሷ ቋንቋ፣ አይነግሯትም?"

"በኖርስክ ሦስት ቃል ነው፣ ያልቃል። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ እንደሚመጣ ደብዳቤ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። እንዳታሳጥሪ!"

ቶርዲስ በሌሊት ልብሷ ከፈተች። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። ዝምታው ሕጉ ነው። ቶርዲስ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ድስቱን አየች።

"ፍቅረ፣ ኮሙኑ ነው የላካቸው?"

"ናይ፣ አይደለም። ጎረቤት ናቸው።"

ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ እህታችን… ሁላችንም እዚህች ምድር ላይ እንግዶች ነን…" ተረጎምኩ። "ማንም ሰው ቀኑን አያልፍም…" ተረጎምኩ። ቶርዲስ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች፣ መጽሐፍ የሚሸጡ ሳይመስሏት አልቀረም።

"ወንድማችን ኒልስ…" አሉ።

ጆሮዋ ተከፈተ። እኔን አየችኝ።

ትምህርት ቤት ያተምኩትን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። በቃሌ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ። ጣቴን 1861 ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ካፖርቱ ላይ። ከዚያ እናት ካሪ ላይ። በማጉያ መነጽሯ ቀስ ብላ አነበበች። እትዬ አሰለፈች ፎቶ የምታይ መስሏት መንሰቅሰቅ ጀመረች።

"እስረኛ ነበር?"

"ያ።"

"ሀብታም አልነበረም?"

"ናይ። መጻፍም አይችልም። በስሙ ቦታ የመስቀል ምልክት ነው ያደረገው።"

ቶርዲስ የራሷን ግራ ክንድ ያዘች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ታፍራለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ካፖርትና ጫማ…" አለች። "በርዶት ነበር ማለት ነው።"

ከዚያ አለቀሰች። ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ መኩሪያ።

"በርዶት ነበር አለች።"

ወለሉን እያዩ፣ "ሰው አገር መጀመሪያ የሚቀበልህ ብርዱ ነው" አሉ። ለማንም አልነበረም። እሱንም ተረጎምኩ።

እትዬ አሰለፈች ተነሳች፤ ንፍሮ ማቅረብ አለባት። ዕቃው ሁሉ ታሽጓል። ካርቶኖቹን ከፋፍታ ቀድሞ እጇ የገባውን አወጣች… ሰማያዊ አበባ።

"እትዬ! እሱን አይሆንም! እሱ…"

ቶርዲስ እጇን አነሳች። ተያት ማለቷ ነው።

እትዬ አሰለፈች ንፍሮውን ሞልታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። "ብይ እናቴ። ሐዘን በባዶ ሆድ አይሆንም።" ቶርዲስ አንዷን ስንዴ አነሳች። አየቻት። በላች። ከዚያ ሌላ። ሳህኑን ለሁላችንም አዞረችው። ከኒልስ ሳህን በላን… እኔ፣ ጋሽ መኩሪያ፣ እትዬ አሰለፈች።

"የኔን ወንድም ያረዳኝ ስልክ ነው" አለች እትዬ አሰለፈች በድንገት። "ቢሮ እያጸዳሁ። የማላውቀው ሰው ፎቶውን ለጥፎ 'ነፍስ ይማር' ብሎ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።"

ቶርዲስ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። አላሳጠርኩም። እጇን ያዘቻት። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኖርስክ ማውራት ጀመሩ፣ አስተርጓሚ የፈለገ አልነበረም።

ስንወርድ ጋሽ መኩሪያ "በሥርዓቱ ሆነ" አሉ። "ቀብሩስ?"

"ተፈጽሟል" አልኩ። ውሸት የለበትም።

ማርች 17፣ ሰኞ

ቶርዲስ ስለ መርዶ ሁሉንም ጠየቀችኝ።

"ለሞተ ሰው ሁሉ እንዲህ ትመጣላችሁ?"

"ያ።"

"ስንት ዓመት ቢቆይም?"

"እ… ይሄ የመጀመሪያው ነው።"

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ወረቀቱን ፍሬም ውስጥ አስገብታዋለች። የሞተበትን ዓመት ለማንም እንደማትናገር ማለችልኝ። ስለ ቫፈሉም ጭምር።

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቶርዲስ ሲከየም ትገባለች። ደረጃው ላይ ተቀምጬ "ዕቃ እየጠበቅኩ" ነው።

ፋሲካ አለፈ፣ ቫፈል ሕጋዊ ሆነ። ጣዕሙ ትንሽ ቀንሷል።

ጋሽ መኩሪያ ሐዘንተኛ አይተዉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። ቶርዲስ "መኩሪያ" ማለት ተምራለች፣ "ጋሽ" ግን እምቢ ብሏታል። ዛሬም የእድሩን ሰዎች ሰብስበው ሶፋዋን እያወረዱላት ነው። እትዬ አሰለፈች የሲከየሙን አድራሻ ስልኳ ላይ አስጽፋኛለች፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትሄዳለች አሉ። ምን እንደሚያወሩ እግዚአብሔር ይወቅ።

ቶርዲስ የቤቷን ሳህን ሁሉ ለእማዬ ሰጠች። የኒልስን ብቻ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ገና ላይ ልታስቀምጪለት?"

"ናይ። ልበላበት። ለአንድ ሰው አንድ ሳህን ነው፣ የኔ እሱ ነው።"

አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ጋሽ መኩሪያ ፍሬሙን ታቅፈው እየወረዱ ነው። የሙት ዓመቱን ቀን ለማወቅ ሰሞኑን ሲነዘንዙኝ ነበር፤ እድሩ እንዳይረሳው ነው አሉ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ መስኮቱ ጋ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው መስመር በመስመር ይወርዳል… መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከንፈራቸው እየቆጠረ ነው… አሥራ ስምንት መቶ…

ቀስ ብዬ ብነሳ በሩ ጋ እደርስ ይሆ

"ፍቅረሰላም!"