ሳይፈታ የከረመ ጀሶ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ኤሲም፤ ባሕር ተሻግሮ ጀርመን አገር እጅሽ ይግባ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? የሌሊት ተረኛነቱ እንዴት ያደርግሻል? ወገብሽን ያምሽ የነበረውስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ሰንግሆ ከዚያ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በደህና ገብቶ በደህና ይወጣል ወይ? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና በድዷ ትስቃለች? እኛ እዚህ፣ እግሬ ካመጣብን ጣጣ በቀር፣ አለን።

ስልክ ያልደወልኩት ረስቼሽ አይምሰልሽ። ስልኩ ያለው በመንደሩ ሹም ቤት ነው፤ ሹሙና ዋርሳዬ ዶክቹል ደግሞ የሩዝ ጠላ የሚጠጡት ካንድ ጣሳ ነው። እዚያ የተነፈስኩት ቃል እኔ ቤቴ ሳልደርስ እሱ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ራሴ በጀልባ ተሻግሬ ከተማ ፖስታ ቤት ልጥለው ነው።

ከጀልባ ስወርድ የወደቡ ድንጋይ አዳልጦኝ ቁርጭምጭሚቴ እንደ ተሰበረ ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። በዚህ ማንንም አልጠረጥርም። አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝም ዶክቹል ነው። ሐኪሙ የተናገረውን ግን እኔ በሕመም ራሴን ስቼ አልሰማሁም፤ የሰማው እሱ ነው። ወደ ቤት ሲመልሰኝ፣ «ጀሶው የሚፈታው ከመኸር ጨረቃ በዓል በኋላ ነው፤ እስከዚያ መሬት እንዳትረግጪ» አለኝ። አመንኩት። ባሌን ባሕር ከወሰደው ወዲህ ለቤታችን የወንድ ድምፅ የነበረው እሱ ነበር።

መጠርጠር የጀመርኩት በሾርባው ነው። ሚስቱ ጎረቤቴ ሆና ስትኖር አንድ ራስ ጎመን አቀብላኝ አታውቅም። አሁን በየቀኑ የአጥንት ሾርባ ይዛ መምጣት ጀመረች። «ጠጪ እቴ፣ አርፈሽ ተኚ፣ ምን ያስቸኩልሻል» ትለኛለች። ቀጥሎ ዶክቹል «ዝናብ እንዳያበሰብሰው» ብሎ መቅዘፊያዬን ወሰደ። ከዚያ «ጎርፍ እንዳይጠርጋቸው» ብሎ የቀርከሃ ችካሎቼን ወሰደ። ምን ዓይነት ጎርፍ ነው እኛ ቤት ድረስ የሚወጣው? ለሰርጌ ስትመጪ ያን ዳገት እየረገምሽ ነው የወጣሽው።

የመንደራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። ስምንተኛው ጨረቃ እንደ ገባ፣ ችካል ላይ ለምናበቅለው የባሕር ቅጠል ማሳ ዕጣ ይወጣል። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ውስጥ ችካል የሚተክል ሰው የሌለበት ቤት ዕጣ የለውም፤ ድርሻው ለቅርብ ዘመድ ያልፋል። የኔን ቅርብ ዘመድ አንቺው ገምቺ። በዓሉ ደግሞ ከዕጣው በኋላ ነው የሚውለው። ክረምቱን ሙሉ ጀሶው ውስጥ የሚያሳክከኝን በመመገቢያ እንጨት እየጎረጎርኩ ይህንን ሳብሰለስል ከረምኩ።

አማቴን፣ «እማማ፣ እውነት ሐኪሙ እንደዚያ ብሏል?» ብዬ ጠየቅኳት። ዶክቹል የማሕፀኗ ፍሬ ነው፤ እኔ የሟች ልጇ ሚስት ነኝ። ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «ነጭ ሽንኩርቱ ዘንድሮ አላማረበትም» አለች። ይባስ ጠረጠርኳት።

በኋላ ጨው ሻጯ በደጃችን ስታልፍ አየችኝና ሸክሟን አወረደች። «ይሄ እግር ነው ወይስ የቤት ምሰሶ?» አለችኝ። «የኔ ምራት ያንቺኑ አሰባበር ተሰብራ ዝናቡ ሳያባራ ነው የተፈታላት። አንቺን ከነጀሶሽ ሊቀብሩሽ ነው እንዴ?» ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

በማግስቱ ምርኩዜን ይዤ እየነጠርኩ ወደ ወደቡ ወረድኩ። አማቴ እዚያ መረብ ትጠግን ነበር። እንደምትመልሰኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን ዓይኗን ከመረቡ ሳታነሣ፣ «ጀልባው ሊነሣ ነው። እኔ ማንም ሲያልፍ አላየሁም» አለች።

ተሻግሬ ከተማ ስደርስ ሐኪሙ አየኝና ተቆጣ። «የት ጠፍተሽ ነው? ዝናቡ ሳይወጣ ተመለሺ ብዬ ነበር» አለኝ። «ለማን ነው ያሉት?» ስለው፣ «አዝሎሽ ለመጣው ሰውዬ» አለ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ጀሶ የሚቆርጡባትን የምትጮኸዋን መጋዝ እንኳ መፍራት ረሳሁ። ጀሶው ለሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ የወጣው ሽታ የሞተ ዓሣ ይመስላል። እግሬ ቅርፊቱ እየተላጠ፣ ቀጥኖ፣ ጠጉሩ ረዝሞ፣ የሰው እግር አምጥተው የቀጠሉልኝ መሰለኝ። ቁርጭምጭሚቴ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪሙ፣ «በጊዜው ቢፈታ ይህን ያህል ባልደረቀ ነበር። ለብ ባለ ውኃ እየነከርሽ አንቀሳቅሺው፤ ቀስ እያልሽ ርገጪበት» አለኝ። አንቺ በነርስነትሽ ታውቂዋለሽና፣ ማታ ማታ ማበጡ ደግ ነው ወይስ ክፉ? ጻፊልኝ።

ስመለስ ዶክቹል ወደቡ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ እግሬን ነው። «ማን ፍታው አለ?» አለኝ። «ዝናቡ ሳይወጣ መልሳት ብሎህ የነበረው ሐኪም» አልኩት። ሌላ ቃል ሳልጨምር ዳገቱን በቂጤ እየተንፏቀቅኩ ወጣሁ፤ እጁን ቢዘረጋልኝም አልያዝኩትም።

የዕጣው ቀን መንደሩ ተሰብስቦ ሳለ ሹሙ የኔን ቤት ዘልሎ ቀጣዩን ጠራ። ተነሣሁ። «የኔስ?» አልኩ። ዶክቹል በለሰለሰ ድምፅ፣ «እህት ዓለም፣ ራስሽን አትጉጂ፤ እኔ እተክልልሻለሁ» አለ። «እስካሁን የተከልክልኝ ይበቃኛል» አልኩት። ሰው ሳቀ። ሹሙ ግን ደንብ ደንብ ነው ብሎ ባሕሩ ወደ ሸሸበት ጭቃ አወረደኝና ችካል አስያዘኝ። ጭቃው ያን ደካማ እግር ሲውጠው ሕመሙ ጥርሴን አስነከሰኝ። አንዴ በጉልበቴ ወደቅኩ። ወዲያው አማቴ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ዳር ቆመች። «ማንም እንዳይነካት» አለች፤ ቀጥላም ልጇን እያየች፣ «በተለይ አንተ» አለችው። ተነሥቼ ተከልኩት። ሹሙ ነቀነቀው፤ አልወጣም። ዕጣዬን አነሣሁ፤ ወንዙ የሚገባበት መናኛው ማሳ ደረሰኝ፤ ቢሆንም የኔ ነው።

ማታውኑ ዶክቹል መቅዘፊያዬንና ችካሎቼን ይዞ መጣ። የሐኪሙ ንግግር የዋና ከተማ ሰው ንግግር ስለሆነበት አምታቶት እንጂ ክፋት እንዳላሰበ በልጆቹ ማለ። ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ እውነትም ሲናገር ፈጣን ነው። ታዲያ መቅዘፊያዬንም ሐኪሙ ነው ውሰድ ያለው? አማቴ ይቅር በይው አላለችኝም፣ አትበይውም አላለችኝም። ነገ ችካል ተሸክመን ስንወርድ ላግዝሽ ብሏል። እሺ ብያለሁ፤ ግን ፊት ፊቴ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ።

በይ እንግዲህ፣ ሰንግሆን በብርቱ ሰላም በይልኝ፤ የሕፃኗን ሁለት ጉንጭ ሳሚልኝ። አብረውሽ የሚሠሩትን ያገራችንን ልጆች ሁሉ እንደ ስማቸው ሰላም በይልኝ። ትንሿ ልጄ ሚሱክ ለአክስቷ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች። አማቴም ወገብሽን ከብርድ ጠብቂ ብላለች። ዶክቹልም ሰላም በይልኝ ብሏል። ሰላምታውን እንደ ሰጠኝ ልኬልሻለሁ፤ ማመኑን ግን ላንቺ ትቼዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ ፒልሱን

ከዋንዶ ደሴቶች፣ ስምንተኛው ጨረቃ በገባ በሰባተኛው ቀን፣ ፲፱፻፸፰ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር