ያልተሸፈነው ጌሾ

ኅዳር 6 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ጠዋት

ውሃ አጠጥቼ ገባሁ። ጣቴ ደንዝዟል፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ ደብተሬ። ጌሾዎቼ ደህና ናቸው። ቀይ ክር ያሰርኩበት መደብ የአምባ ጊዮርጊሱ ነው፣ ዘሩን ከገበያ ያመጣሁት። ነጩ የዳባቱ፣ ከእህቴ ጓሮ። ሰማያዊው የሳንቃ በሩ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ እዚያ ፓርክ ውስጥ ስካውት፣ ጠባቂ ነው፤ ከጥበቃ ካምፑ በታች ነፋስ ሲደበድበው ከሚውል አሮጌ ጌሾ ፍሬውን ለቅሞ በኪሱ አመጣልኝ። ሰማያዊው ከሁሉም አጭር። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራም። ጎረቤቴ እትዬ ዘውዲቱ በአጥሩ በኩል አይተው፣ ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የኮሰሰ ብለው አዘኑለት።

አምና ይሄኔ ሁሉንም ውርጭ በላብኝ። ደባርቅ ላይ ጠላ የምንጠምቅ ሴቶች ጌሾውን ከታች አገር ነው የምንገዛ። እኔ እዚሁ ብርዱን ችሎ የሚቆም እፈልጋለሁ። በቃ፣ ሌላ ምኞት የለኝም።

ኅዳር 9፣ ከሰዓት

የግብርና ባለሙያዋ ሰላም መጣች። ጭቃ የማትፈራ ልጅ፣ እወዳታለሁ። ውርጩ ሲመጣ ገለባ ላልብሳቸው ወይ አልኳት። በጭራሽ አለች። ከሸፈንኳቸው ብርድ የሚችለው የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የሚሞተው ይሙት፣ የቆመው ለዘር ይቀመጥ፤ የእሱ ፍሬ ይዘራል፣ ደግሞ ይመረጣል። ዓመታት ይፈጃል አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ክረምቱን ሙሉ እንደ ጫጩት የጠበቅኋቸውን ቆሜ ሲሞቱ ማየት ነው የሚከብደው።

ኅዳር 13

ባለቤቴ ታረቀኝ ራት ላይ ነገሩን አነሳው። ጓሮው ዘንድሮም ባዶ ከቀረ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል አለ። ያንቺ ጌሾ በየዓመቱ ቀብር ነው አለኝ። ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳየው እሱ አልሳቀም። መሬቱ የአባቱ ነው፣ ሰውየውም ቃሉን አያጥፍም። ተስማማን፦ ገና ሲያልፍ የቆመ ጌሾ ካለ ጓሮው የእኔ። ከሌለ የባሕር ዛፉ።

ኅዳር 24፣ ዳባት

የእህቴ አማት ታመው ልጠይቅ መጥቼ እዚሁ አደርኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነፋስ ጸጥ። ዛሬ ውርጭ ይጥላል። ስጠብቀው የከረምኩት እሱን ነው፤ ግን ሦስቴ ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ታረቀኝን እንዳትሸፍን ብዬዋለሁ። እሱ እንኳን አይሸፍንም፣ ምን ገዶት።

ኅዳር 25፣ ረፋድ

ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የታጨደው ማሳ ጨው የተነሰነሰበት መስሎ ነጭ። አንገቴን በሚኒባሱ መስኮት አስግጌ ስመጣ ሾፌሩ፣ እናቴ ምን ጠፍቶብሽ ነው አለኝ። ጌሾ አልኩት።

የጓሮውን በር ከፈትኩ። መደቡ ገለባ ለብሷል!

እትዬ ዘውዲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «አንቺ ስትዞሪ ልጆችሽን ብርድ ሊፈጅብሽ ነበር። አለበስኳቸው።» የገዛ ገብሳቸውን ገለባ፣ በዚያ በታመመ ጉልበት፣ ከሰዓት በኋላ ተሸክመው። ምን ይባላል? እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ቤት ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ ሳቅ መጣ፣ ሁለቱም ቀሩ። ዓመት የጠበቅሁት ውርጭ መጥቶ ሄደ፤ እኔ ምንም አላወቅሁም። ሁሉም በሕይወት አለ፤ የቱ በራሱ እንደቆመ ግን ማን ይንገረኝ?

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት ግድም

ደብተሬ ስሚኝ። ከበር ሆኜ አይቼ ነው የተመለስኩት። ታረቀኝ፣ ነይማ እስከ ዳር ድረስ ሳታዪ ምን ያስለቅስሻል አለኝ። ሄድን። በአጥሩ በኩል ያለው ግማሽ መደብ ራቁቱን ነው! እትዬ ዘውዲቱ የገቡበትን ቀዳዳ ሳይዘጉ ሄደው፣ የራሳቸው ጥጃ ተከትሎ ገብቶ፣ ከሦስቱም መደብ ገለባውን ጠራርጎ በልቶታል። ጌሾውን አልነካም፣ ይመረዋል። ታረቀኝ ገና ሳይጨልም አባሮታል። መልሰህ አልሸፈንክም ወይ አልኩት። አትሸፍን አላልሽኝም ወይ አለኝ። አቤት የዛሬው መታዘዝ።

እንግዲህ ራቁታቸውን ያደሩት፦ ቀዩ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ጠቁሮ ተዝለፍልፏል። ነጩም እንደዚያው። ሰማያዊው ቆሟል። የጥቂቱ ጫፉ ብቻ ተለብልቧል፣ ሌላው አረንጓዴ። ያ ኮሳሳው! ገለባ የለበሱት ደግሞ ሦስቱም ያው አረንጓዴ ናቸው። እነሱን ብቻ ባይ ኖሮ ሎጋ ነው ብዬ ቀዩን ነበር የምመርጠው።

ኅዳር 28

ሰላም መጥታ ቁጢጥ ብላ ቅጠሉን ዳሰሰች። ጥጃውን ብንቀጥረው ይሻላል አለች፤ የለበሰውንና ያልለበሰውን ጎን ለጎን አሳየን፣ እኛ እንዲህ አናሳምረውም ነበር። ግን አንድ ውርጭ አይበቃም፣ ታኅሣሥ ይለፍ አለች። ገለባውን ሁሉ አነሳሁ።

ታኅሣሥ 20

ደጋግሞ ጣለ። ቀይ የለም። ከነጩ የቀረው እዚህም እዚያም ነው፣ እሱም ታሟል። ሰማያዊው እንደ ወታደር። ለእትዬ ዘውዲቱ የጥጃውን ነገር ነገርኳቸው። ተቆጡ መሰለኝ ስል፣ ታዲያ ለምን እኔን አመሰገንሽኝ፣ ጥጃዬን አታመሰግኝም ነበር ብለው ሳቁ። ጉልበታቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

ጥር 2፣ ጠዋት

ገና አለፈ። ታረቀኝ ሲነጋ ዶማ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ተከተልኩት። ለባሕር ዛፍ ያሰባትን የአጥር ጥግ ለሚመጣው ክረምት ጌሾ እየቆፈረልኝ ነው። ላንቺ ብዬ አይደለም፣ የአጎቴ ልጅ የለፋበት ነው አለኝ። እሺ አልኩት። ይሁንለት።

ወሰንኩ። ከሰማያዊውም ጫፉ እንኳ ያልተለበለበው ብቻ ለዘር ይቀራል። ሌላው ይነቀላል። ከነጩ የተረፈውን ከነአፈሩ ለእትዬ ዘውዲቱ እሰጣለሁ፤ ቤታቸው ጥግ ተክለው እንደልባቸው ያልብሱት። የእኔ መደብ ግን በሚመጣው ኅዳርም ገለባ አያይም። ጥጃው ሊያይ ከመጣ በሩ ክፍት ነው።