ጽዋዬን ስላስነጠቀኝ የጌሾ ገለባ

ጎንደር፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 1941 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ወልደ ዮሐንስ፣ የሰፈራችን የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴና ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የቀኝ ዓይንዎ ከጠላዬ ፍንጣሪ ድኖ ይህን ደብዳቤ ያለ ረዳት ለማንበብ እንዲበቃ እመኛለሁ። እኔ ከማፈሬ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን በደጀ ሰላሙ በር ላይ የለጠፍኩት ፍርድዎን በዚያው በር ቆመው ለሕዝብ ስላሰሙልኝ ነው፤ ውለታ መመለስ ደግ ነው።

1ኛ፤ ለኅዳር ሚካኤል ስጠምቅ ሥራዬን ሊመለከቱ በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ይመኙሽ እንደ ወጉ ልጥመቅ ብትል፣ ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነውና፣ እኔ ጌሾና ብቅሉን በትልቅ ጎላ አብሬ አፈላሁ። ፍሉ አድሮ እስኪበርድ መጠበቅ ለእንደኔ ያለ ሊቅ ውርደት ስለመሰለኝ፣ ጣሊያን አዘዞ ጥሎት ከሄደው ማኪና በፈታሁት የመዳብ ቧንቧ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳልፌ ወደ ጋኑ ላወርደው አሰብኩ። ይመኙሽ በወንፊት አጥልለው ብትለኝ፣ ለገለባው መከላከያ ይሆናል ብዬ በቧንቧው አፍ አንድ እፍኝ የጓሳ ሣር ወተፍኩ። ጓሳው ገለባውን ሊያስቀር ቀርቶ ራሱ ገብቶ ተቀረቀረ።

2ኛ፤ የተደፈነውን ቧንቧ ልከፍት እኔ ከታች በአፌ ስነፋ እርስዎ ከላይ ጎላውን አጎንብሰው ይመለከቱ ነበር፤ ስለዚህ ትጋትዎ ማኅበሩ ሊሸልምዎ ይገባል። ጓሳው ከነጌሾው ወደ ዓይንዎ ወጣ፤ እኔም ደንግጬ ስሸሽ ጎላውን ገለበጥኩት። ሌላ ብቅል አብቅሎ ለመጥመቅ ቀኑ ስላልበቃ፣ ማኅበርተኛው በዓሉን በውሃ አከበረ። በዚያ ቀን ሁሉም በየቤቱ ጎዳናውን ሳይስት እንዲገባ ያደረግሁ እኔ መሆኔን ግን ማንም አላመሰገነኝም።

3ኛ፤ ጽዋው ከእንግዲህ ቤቴ እንዳይገባ መፍረድዎ ነው። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ጽዋውን የወረስኩት ከእናቴ ነው፤ እሷ ታማ በተኛችበት ዓመት እንኳ ተራዋን አላስታጎለችም። ይመኙሽ ያለ ጥፋቷ ጎረቤት ፊት መቆም አፍራለች፤ እኔንም ካነጋገረችኝ ሰነበተች። የሞኝነቴን ዕዳ እኔ ልሸከም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእናቴ ጽዋ አይደለም። ካሻዎ ዓመቱን ሙሉ ለማኅበርተኛው ቆሜ ላሳልፍ፣ ተራችንን ግን ይመልሱልን።

በተረፈ በፍርድዎ ፈጣንነት፣ በይቅርታዎ ዝግታ እየተደነቅሁ፣ ጫማዎ ሥር ለመውደቅ የተዘጋጀሁ፣ ነገር ግን ጎላ አጠገብ እንዳልቆም የተከለከልኩ ታዛዥዎ፣

ክንዱ ዳኛው

ማስታወሻ፦ ተራዬን የሰጧቸው አማችዎ አቶ ነጋ፣ ለዚህ ወር ጠላ ማቀዝቀዣ ቧንቧውን እንዳውሳቸው ትናንት በጓሮ በር መጥተው ለመኑኝ። ያዘዟቸውም እርስዎ እንደሆኑ ነገሩኝ። በደስታ አውሻቸዋለሁ። ገለባው እንዴት እንደሚቀር ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ መምከር ትቻለሁ።