ስለ እናቴ ቢጫ መስኮት፣ ለክቡር ከንቲባችን

ልጅ ተወለደች። ሴት ናት፤ ጤነኛ ናት፤ ፀጉሯ ከአሁኑ አልበጠር ብሏል አሉ፤ ስሟም ሴቫስቲ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መርከብ ላይ የኖረው ታላቅ ወንድሜ ሚኬስ ጢሙ ከሸበተ በኋላ አባት ሆነ፤ ልናስጠምቃትም እዚህ ከተማችን ወደብ ድረስ ይዟት ይመጣል። ይህን ሳልናገር ሌላ ቃል ከብዕሬ አልወጣ ስላለኝ ነው።

ክቡር ከንቲባ አሪስቲዲስ ቭላሲስ ሆይ፣ ሰላምታዬን ከምሥራቹ ኋላ ስላስቀመጥኩት በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ተሻለው ወይ? ከኮረብታው ጀርባ ባሠሩት አዲሱ ማዘጋጃ ቤት፣ ባሕር በማይታይበት ቢሮዎ ውስጥ፣ የእኛ ነፋስ እንደማይደርስብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እርስዎ በልጅነትዎ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወርዱበት በነበረው ደረጃ ላይ ያለን ጎረቤቶችዎ ደኅና ነን። ደረጃውም ደኅና ነው፤ ማንም ስላልጠገነው እንደተዉት አለ።

ይህ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የወደብ መስኮቶች መዝጊያ ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ይሁን ብለው ስላዘዙልን፣ ለቀለሙም «የእርጋታ ሰማያዊ» የሚል ስም ስላወጡለት፣ ሠራተኞችዎም በሕማማት ሳምንት ሁላችን ቤተ ክርስቲያን ሳለን መጥተው ስለቀቡልን ከልብ እናመሰግናለን። ጠዋት ስንወጣ ሰባት ዓይነት ቀለም የነበረች ከተማ ከጸሎት ስንመለስ ተረጋግታ ጠበቀችን።

እርስዎ የዚሁ ልጅ ነዎትና የምነግርዎ የለኝም፤ ከሩቅ ያስመጡት የውበት አማካሪዎ ግን ሳያውቅ ነው የሄደው፤ ለእሱ ልንገረው። ወደብ ለሁለት እንደተሰበረ ድስት ናት፤ እኛ ከግድግዳው ውስጥ ውስጡን ተለጥፈን እንኖራለን፣ ባሕሩ ከሥር ነው። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ግቢ ነው። በወዲህኛው ዳር ባልና ሚስት ሲጣሉ ድምፁ ውሃውን ተሻግሮ ይሄድና በወዲያኛው ዳር ያሉት ለሁለት ተከፍለው ይፈርዳሉ። ስለዚህ ምሥጢር ኖሮን አያውቅም፤ የነበረን ቀለም ነው። መርከብ የመብራት ማማውን ዞራ ስትገባ፣ አንድ «አባታችን ሆይ» ተደግሞ ሳያልቅ፣ ከተማው በሙሉ ባንዴ ይገለጣል፤ የተሳፈረውም ሁሉ በቀኝ በኩል ወዳለው የመርከቧ መከለያ ብረት ይሮጣል። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው «እናንተ የወደብ ሰዎች፣ ዛሬም ልትገለብጡኝ ነው? ቤታችሁ እግር የለው፣ የትም አይሄድባችሁ» ይለን ነበር። ከባሕር የሚመጣ ሰው እግሩ መሬት ከመርገጡ በፊት የቤቱን መስኮት በቀለሙ ለይቶ በሁለት እጁ ማውለብለብ አለበት፤ ቤት ያለችውም ነጭ አንሶላ ዘርግታ ታራግፍለታለች። እንኳን ደኅና መጣህ ማለት ይኸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው መሳሳም ትርፍ ነው። ስለዚህም ጎረቤትና ጎረቤት አንድ ቀለም አይቀባም፤ ልጅ ወደ ባሕር ሲወጣም እናቱ በመዝጊያዋ ቀለም የተቀባች የጣት ቁመት እንጨት ኪሱ ውስጥ ትከትለታለች።

ቁጥር የሌለው አቤቱታ አይነበብም ብላ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ የኔን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጫማ ሰፊው ፓንዴሊስ አንድ እሑድ ከመጠጥ ቤት ሲመለስ ሰማያዊ መስኮት አይቶ ገባ፣ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን የተጠበሰ ዓሣ በላ፣ ተኛም። የጎረቤት ቤት ነበር። ሚስቱ ፈልጋ ስታገኘው «የኔን ዓሣ ከሰው ዓሣ አትለይም አንተ?» ብትለው፣ «ለይቻለሁ እንጂ፤ ጨው ስለተመጠነ ገርሞኝ ነበር» አላት። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልታረቁም፤ እርቁን ማዘጋጃ ቤቱ ቢይዝልን።

ሁለተኛ፤ የቤት ቁጥር ኖሮን ስለማያውቅና አድራሻችን «ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ወይን ጠጅ» ወይም «ከጉድጓዱ አጠገብ፣ አመድማ» የሚባል ስለነበር፣ ፖስተኛው ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ሁሉ ዳቦ ቤት ባለ ቅርጫት ይጥለዋል። አሁን ሁላችንም የሁላችንን እናነባለን። ለዚህኛው ያለ ምንም ተንኮል አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ይቅር። ወደ አራተኛ ልለፍ።

አራተኛ፤ ወደብ የግድግዳ ካላንደር ላይ ወጥታለች፤ አይተናታል፤ ታምራለች። ባለፈው በጋ አንዲት እንግዳ ፎቶ ልታነሳን ከሥር ቆማ ለጓደኛዋ «እንዴት ደስ ይላል፣ ሰው የሚኖርበት አይመስልም» አለቻት። እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልመለስ፤ እኔ ዘልዬው ባልፍም እሱ አላለፈኝም። ሰማያዊ በሆንን ዓመት፣ ወይን በተቆረጠ ሰሞን፣ ሚኬስ ከረጅም ጉዞ ተመለሰ። እናታችን ሴቫስቲ አልጋ ይዛለች፤ እግሯ ነው እንጂ የከዳት፣ ዓይኗ አልከዳትም። በትራስ ደግፌ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳት፤ የአንሶላውን አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። መርከቧ ማማውን ዞረች። ሚኬስ ከሰው ሁሉ ፊት ብረቱን ተደግፎ ቆሟል። የእኛ ቀለም የእንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር፤ ያቺን ቢጫ እንጨት ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ ይዟት፣ አንዴ እሷን አንዴ ከተማውን ያያል። ዓይኑ ሰማያዊውን ሁሉ ተከትሎ ሲሄድ፣ ሲመለስ፣ እንደገና ሲሄድ ከዚህ ሆነን አየነው። ከእኛ ዝቅ ብላ ያለችው ጎረቤታችን እትዬ ዛምቤታ ያን ሰዓት መስኮቷ ላይ ልብስ ታሰጣ ኖሯል፤ ነጭ አንሶላ። የሚኬስ ፊት በራ፤ በሁለት እጁ ማውለብለብ ጀመረ። ለእትዬ ዛምቤታ አንሶላ።

ጮህኩ፤ የመርከቧ ጡሩምባ ድምፄን ዋጠው። እናቴ የያዘችውን ጫፍ ለቀቀች።

«ረሳን» አለች።

«እማዬ፣ ቀለሙ ነው እኮ» አልኳት።

«የእናት ቤት በቀለም ነው እንዴ የሚታወቀው?» አለችኝ። በወደብማ አዎ፣ በቀለም ነው፤ ያስተማረችኝም ራሷ ናት።

ሚኬስ ደረጃውን እየሳቀ ወጥቶ ገባ። ሳመችው፤ «በልተሃል?» አለችው። በዚያው ክረምት ሞተች። ከመሞቷ በፊት አንድ ቀን፣ ጉሮሮዋን በሎሚ ውሃ ሳርስላት፣ «ስታማቲያ፣ ያን ቀን ዛምቤታ አንሶላውን አራግፋለት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ አላየችውም፣ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር» አልኳት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ። «ምስኪን ልጄን» አለች። «ማንም አላራገፈለትም ማለት ነዋ።»

ይህን ክቡርነትዎ በየትኛው መዝገብ እንደሚያስገቡት አላውቅም።

ሚኬስ ነገሩን የሰማው በቀብሩ ቀን ነው፤ እትዬ ዛምቤታ ጥቁር ሻሿን አፏ ላይ ይዛ «ሚኬስዬ፣ ምነው ያን አንሶላ ባላሰጣሁት» ስትለው። በማግስቱ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም ወደብን አላየም። በፋሲካ ስጠራው ሥራ በዛ፣ በስሙ ቀን ስጠራው ባሕሩ ከፋ። አሁን ልጅ ተወልዳለት ሲደውል ግን ራሱ ጀመረው፤ «በእማዬ ስም ነው የምትጠራው፤ እዚያው፣ እማዬ በተጠመቀችበት ትጠመቅ ብያለሁ» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ስታማቲያ፣ ቤቱን አገኘዋለሁ?» አለ።

ስድሳ ሊሞላው የቀረበ፣ ጨለማ ባሕር ላይ ኮከብ አይቶ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የሚጠይቀኝ፣ ክቡር ከንቲባ። «ታገኘዋለህ» አልኩት። ቃል ሰጠሁ።

ስለዚህ ቢላ አውጥቼ መዝጊያውን መፋቅ ጀመርኩ። ሰማያዊዎ ስስ ነው፤ ቢጫው ከሥሩ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። እትዬ ዛምቤታ ከታች አንገቷን አውጥታ «ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?» አለችኝ። «ቤቴን እያወጣሁት ነው» አልኳት። ትንሽ አየችኝና፣ «ሌላ ቢላ አለሽ? እኔ አረንጓዴ ነኝ፤ ሰማያዊ የሆንኩት በትእዛዝ ነው» አለች። ድምፅ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከወዲያኛው ዳር የመፋቅ ድምፅ ይመጣ ጀመር፤ ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ከዚያ ከጉድጓዱ አጠገብ። ሱቁ ከሰማያዊ በቀር እንዳይሸጥ ስለታዘዘ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ቀለም ቀነሱልን። የፓንዴሊስ ሚስት ብቻ እያሰበችበት ነው፤ «ሰማያዊ እንደሆነ ይቅርና የጥሩ ጨው ወዳጁ ዘንድ ይግባ» ብላለች።

አሁን ታዲያ ሠራተኞችዎ በሬ ላይ ማስጠንቀቂያ ለጥፈውልኛል፤ በገዛ እጄ ወደ ሰማያዊ ካልመለስኩት ከነሐሴዋ እመቤታችን በዓል ዋዜማ ጀምሮ መጥተው ይቀቡታል አሉ። ወረቀቱ በጣም ንጹሕ ነው፤ አመሰግናለሁ። እኔ አይምጡ አልልም። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርከቧ ማማውን ዞራ ከገባች በኋላ ይምጡ። አንድ «አባታችን ሆይ» የሚያህል ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ከፈለጉ ሕፃኗንም ሰማያዊ ይቀቧት። ቀድመው ከመጡ ግን በየመስኮቱ አንዲት ሴት ቆማ ያገኛሉ፤ መስኮቱን ከሴትየዋ ለይተው መቀባት ይቸግራቸዋል ብዬ ለእነሱ አዝኜ ነው።

አንሶላው የእናቴ ነው፤ አጥቤ ተኩሼዋለሁ። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ። ሌላውን ጫፍ እትዬ ዛምቤታ እንድትይዝ ስለምናት እጇን እየደባበሰች አለቀሰች፤ «ያን ቀን ከኔ መስኮት አንዲት መሐረብ እንኳ አይሰጣም፣ በእመቤቴ» አለችኝ።

የጎረቤትነት ፍቅራቸው በርቀት የማይደበዝዝ፣ ለእርጋታችን ሲሉ እንቅልፍ ላጡት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ጉልበትና ባሕር የሚያሳይ መስኮት እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሳለሁ።

የዱሮ ጎረቤትዎ
ስታማቲያ ሃልኪቲ
ከጉድጓዱ በላይ፣ አስኳል ቢጫ

ማስታወሻ፤ የእናትዎንም ቤት ፍቀንልዎታል። ከሰማያዊው ሥር ያለውን ረስተውት እንደሆነ፣ የሮማን ቀይ ነው፤ መሰላሉን የያዙልን እናትዎ ራሳቸው ናቸው፤ «ልጄ ከኮረብታው ጀርባ ነው ያለው እንጂ መች ባሕር ማዶ ሄደ፣ ምነው መንገዱ ረዘመበት?» እያሉ። ለእርስዎም አንሶላ አውጥተው ፀሐይ አስመትተዋል። እንግዲህ እንደሌላው ሰው በባሕር በኩል ይምጡ፤ ከመርከቧ በቀኝ በኩል ይቁሙ፤ ሲያውለበልቡም መስኮቱን እንዳይሳሳቱ። ፆሙም ተፈትቶ ስለሚሆን ዓሣውም ሥጋውም ወይኑም አለ፤ ለሁሉም ሰው ይበቃል፤ ከወዲህኛውም ከወዲያኛውም ዳር ያላችሁ፣ ደብዳቤዬን ዳቦ ቤት ቅርጫት ውስጥ የምታነቡትም ሁላችሁ እንዳትቀሩ፤ የጥምቀቱ ቀን ከነሐሴዋ እመቤታችን በዓል ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው።