የማይወርደው ተሳፋሪ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ አዲሱን ደረጃ ለመደው ወይስ አሁንም ያኮርፋል? እኔ እንቅልፍ ቢያጥረኝም ደህና ነኝ፤ ኩራቱ ብቻ አላስቀምጥ ብሎኛል። ከማንም በፊት አንቺ ስሚልኝ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሰኞ ጠዋት ድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ዕድሜው የገፋ አንድ ዘበኛ ራሱን ይዞ፣ ንግግሩ እየተምታታበት፣ በባልደረባው ተደግፎ ገባ። ነርሷ መለኪያውን ጣቱ ላይ ሰክታ፣ ኦክስጅኑ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ነው፣ የራስ ምታት ኪኒን ይዞ ይሂድ፣ አልጋው ይፈለጋል አለችኝ። አልፈርድባትም፤ ያንን ቁጥር ሁላችንም እናምነዋለን። እኔ ግን ቁርጥ የእኔን የሚመስል ጆሮውን አይቼ ክው አልኩ። ይሄ ጆሮሽ ከእኔ ወገን አይደለም እያልሽኝ አይደል ያደግኩት? እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ በሄደልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ብቻ አፌ አላርፍ አለኝና የት እንዳደረ ባልደረባውን ጠየቅኩት። መስኮት በሌላት የጥበቃ ክፍል፣ ከሰል አንድዶ፣ በሩን ዘግቶ ነው ያደረው አለኝ።

አየሽ እማዬ፣ ደማችንን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን አራት ወንበር ያላት መኪና በያት። ሳንባ ላይ ኦክስጅን ይሳፈራል፤ አንዱ ከተቀመጠ ሌሎቹም ይደፍሩና ቶሎ ትሞላለች። ሥራ የበዛበት፣ የሞቀ ጡንቻ ጋ ስትደርስ ታወርዳቸዋለች። ሳታወርድ መሙላቷ ብቻውን ምን ይረባል? ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ግን ወንበሩን ከያዘ ንቅንቅ አይልም፤ ይባስ ብሎ አጠገቡ ያሉትንም መውረጃ ያሳጣቸዋል። የጣቱ መለኪያ ደግሞ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደያዘው አይለይም። አንቺስ አውቶቡስ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ትኬት ስትቆርጪ፣ አልወርድም ያለ ሰካራም ገጥሞሽ የለ? ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። መድኃኒቱ ንጹሕ ኦክስጅን እያጎረፉ ያንን ግትር ገፍቶ ማስወረድ ነው።

አላሰናበትኩትም። ጭንብሉን በገዛ እጄ አሰርኩለት። የደም ምርመራውም የጠረጠርኩትን አረጋገጠልኝ። ከሰዓት በኋላ አእምሮው ጠራ፤ ነርሷም፣ ዶክተር፣ ይሄን ሰውዬ እኮ ከነመርዙ ልንሸኘው ነበር ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። ያኔ ብታይኝ ኖሮ እልል ትዪ ነበር!

ሰውየው ደረቴ ላይ የተሰካውን ስሜን ከነአባቴ አነበበ። ደግሞ አነበበ። የማን ልጅ ነሽ አለኝ። የትኬት ቆራጯ ልጅ ነኝ፣ ብቻዋን ያስተማረችኝ፣ አልኩት።

ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ሳበ። ከውስጥ ሆኖም፣ ደህና ናት ወይ ሲል ጠየቀኝ። መልሱ ያንቺ እንጂ የእኔ አይደለምና ጥያቄውን እንዳለ ጽፌልሻለሁ።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እዚህ ያደረሱኝን እጆችሽን አይንሳኝ።

ያንቺው ልጅ