በሪያሞንቲ የተናደው ግድግዳ በእናቶች አሸዋ ስለመመካኘቱ

ለሪያሞንቲ አካባቢ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሜይ 8 ቀን 2019
አመልካች፦ ኬሙንቶ ኦምባቲ፣ ሪያሞንቲ መንደር፣ ኬንያ

ጉዳዩ፦ ግድግዳው የተናደው ትምህርት ቤት ሰኞ ተማሪ እንዳይገባበትና ጥፋቱ ከእናቶች ላይ እንዲነሣ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች የወላጆች ኮሚቴ አባል ነኝ። መንግሥት ሦስት ክፍሎች ሲፈቅድልን የጉልበቱ ሥራ የእኛ እንዲሆን ተስማማን። ከወንዝ አሸዋ እንዲያመጡ እናቶችን ቤት ለቤት የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። በጋውን በሙሉ ተሸከምን። ያረገዘችም ያረጀችም አልቀረችም።

2. በስብሰባ የተስማማንበት ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ደረቅ ኮረብታ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ኒያክዌባ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ሥራውን መንገድ ዳር፣ ከሱቆቻቸው አጠገብ ወዳለው ረግረግ አዞሩት። በዝናብ ወራት ላም የሚሰምጥበት ቦታ ነው።

3. በመንግሥት ተልከው መሬቱን መርምረው የፈቀዱት ኢንጂነር ሞጋካ ናቸው። ኢንጂነር ይባሉ እንጂ ሞጋካ የእኛው መንደር ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሐራምቤ ብለን ገንዘብ አዋጥተን፣ ሙዝና ዶሮ ሸጠን አስተምረነዋል። ከዚያው ረግረግ ጥጃ ሲጎትት አድጓል። ቦታው ለምን ተለወጠ ብዬ ስጠይቀው «እማማ፣ መሬቱን ለእኔ ተዉት፤ እናንተ አሸዋውን ብቻ አምጡ» አለኝ። ልጃችን ነውና አመንኩት።

4. ባለፈው ወር ዝናቡ ሲበረታ መሠረቱ ሰመጠና የአንዱ ክፍል የጀርባ ግድግዳ ተናደ። እሑድ ስለነበር ሰው አልሞተም። የቀሩት ክፍሎች ግድግዳም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

5. ከዚያ ለጽሕፈት ቤትዎ የቀረበው ሪፖርት በስብሰባ ተነበበልን። ግድግዳውን የጣለው ወላጆች ያመጡት ጭቃ የበዛበት አሸዋ ነው ይላል። ወላጆች ግድግዳውን በራሳቸው ወጪ እንዲሠሩ፣ ተማሪዎችም ሰኞ በቀሩት ክፍሎች እንዲገቡ ታዟል። ሪፖርቱን የፈረመው ሞጋካ ነው። እናቶቹ ዞረው አዩኝ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

6. ሄጄ ጠየቅሁት። አልካደም። «እማማ፣ እውነቱን ብጽፍ ከሥራ እባረራለሁ። እናንተን ግን ማን ያባርራችኋል?» አለኝ። ወንበር ስቦልኝ ነበር፤ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሰኞ ልጆቹ እንዳይገቡ እንዲያግዱልን፣ መሬቱን ከአካባቢያችን ውጭ የሆነ ባለሙያ እንዲያይልን፣ በእናቶች ላይ የተጻፈውም እንዲሰረዝ በትሕትና እለምናለሁ። እስከዚያው ልጆቻችን ዛፍ ሥር ይማራሉ። ይህ ሳይታረም ቀርቶ ነገ ለሌላ ሥራ ብንጠራ ከቤቱ የሚወጣ ሰው አይኖርም፤ እኔም አልቀሰቅስም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ የሞጋካ እናት ቦሲቦሪ ቤቴ መጣች። አሸዋውን ከተሸከሙት አንዷ ናት። አንብቢልኝ አለች፤ አነበብኩላት። ልጇን የሚነካውን እንዳወጣላት የምትለምነኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «ቀለሙን አቅርቢልኝ» አለች። ከፊርማዬ በታች ያለው የጣት አሻራ የእሷ ነው።

ውሳኔዎን ከሚጠብቁ እናቶች ሁሉ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ኬሙንቶ ኦምባቲ (ፊርማ)
ቦሲቦሪ፣ የሞጋካ እናት (የጣት አሻራ)